ኩሉና ሂናው፦ ስሙ ሳይለወጥ ውስጡ ሲለወጥ



ከአስኮ አለፍ ብሎ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ሳንሱሲ የሚባለው ሰፈር ይገኛል። ቃሉ በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» የሚል ትርጉም አለው። ለሠርግ የተጠራ ሰው ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ጥሎ ነው የሚመለሰው። እኔ ግን በሳንሱሲ ከዋለ አንድ ሠርግ ሐሳብ ይዤ ተመለስኩ። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግኩት ያንን ሐሳብ ነው።

ሙሽራዋ የዘመዳችን ልጅ ነበረች። ከኒካሑ በፊት በነበረው ምሽት ሴቶቹ ለሂና ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዷ ከሱቅ የገዛችውን ትንሽ ፓኬት አወጣችና «ጥቁር ሂና ነው፤ በግማሽ ሰዓት ይይዛል» አለች። ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አሮጊት እናት ዱቄቱን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው «ልጄ፣ ይህ እኮ ሂና ሂና አይሸትም» አሉ። ልጅቷም በአክብሮት «እማማ፣ አይስጉ፤ ላዩ ላይ ሂና ተብሎ ተጽፎበታል» ብላ መለሰች። ጨዋታው ቀጠለ። የ9 ዓመቷ የእህቴ ልጅም በእጇ ጀርባ ላይ አበባ ተሣለላት።

በስምንተኛው ቀን የልጅቷ እጅ ቀላ፤ ያሳክካት ጀመር፤ ከዚያም ውኃ ቋጠረ። የሚገርመው ውኃ የቋጠረው ቦታ የአበባውን ሥዕል ተከትሎ ነበር። ሐኪም ቤት ስትወሰድ ሐኪሙ «ምን ነበር የተቀባችው?» ሲል ጠየቀ። እናቷ «ሂና» አለች። «ሂና ብቻውን እንዲህ ሲያደርግ ብዙም አይታይም፤ ከሂናው ጋር ምን ነበረበት?» አለ። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ከመካከላችን አልተገኘም። ፓኬቱም ተጥሏል። በፓኬቱ ላይ ከስሙ በቀር ሌላ ነገር ማንበቡን የሚያስታውስ ሰውም አልነበረም።

ወገኖቼ! የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው የሐኪሙ ጥያቄ ነው። ለመዋቢያና ለንጽሕና የምንጠቀምባቸው ብዙ ነገሮች ከአያቶቻችን የወረስናቸው ስሞች አሏቸው፤ ኩል፣ ሂና፣ ሳሙና፣ ቅባት እንላቸዋለን። ስሙን ስለምናውቀው ነገሩንም የምናውቀው ይመስለናል። ታሪክ የሚነግረን ግን ስሙ እንዳለ ሆኖ በውስጡ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ መለወጡን ነው።

እጅን ወደ ክምሩ ማስገባት

ከሐዲስ ዘገባዎች አንዱን እናስታውስ። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ። ላዩ ደረቅ ነበር። እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ሻጩን ጠየቁት። እርሱም ዝናብ እንደነካው ተናገረ። እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁትና አታላይ ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን ገለጹ። ዘገባው በሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ ይገኛል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ የክምሩ ላይ መልክ በቂ ማስረጃ ሆኖ አልተወሰደም፤ እጅ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛ፣ የሻጩ ዝምታ እንደ ማታለል ተቆጥሯል። ኋላ በሙስሊሙ ዓለም ከተሞች የተቋቋመው ሒስባ የተባለው የገበያ ቁጥጥር በዚህ መንፈስ የሚሠራ ነበር። ሹሙ ሙሕተሲብ ይባላል። ሚዛን ይፈትሻል፤ ዳቦ ያያል፤ የሽቶና የመድኃኒት ነጋዴዎችን ሱቅ ይመረምራል።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሶሪያ ምድር የኖረው አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ ጽፏል። የዓይን ሐኪሞች ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት ሑነይን ኢብኑ ኢስሐቅ (በ873 የሞተው ታላቅ ሐኪምና ተርጓሚ) ስለ ዓይን በጻፋቸው አሥር ድርሳናት እንዲፈተኑ ያሳስባል። ስለ መንገድ ላይ ኩል ሻጮች ሲጽፍ ግን ብርቱ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ አብዛኞቹ የማይታመኑ ስለሆኑ ሰው ዓይኑን ለእነርሱ አሳልፎ እንዳይሰጥ ይመክራል። ይህ የተጻፈው ከ800 ዓመት በፊት ነው! በአንዳሉስ የኖረውና በ1013 አካባቢ የሞተው አዝ-ዘህራዊም 30 ክፍል ካለው የሕክምና መጽሐፉ አንዱን ክፍል ለሽቶና ለመዋቢያ ነገሮች ሰጥቷል። ለእነዚህ ሰዎች የሰውነት መዋቢያ ከሕክምና ጋር የሚታይ፣ ሐኪምም ሹምም የሚጠየቅበት ነገር ነበር።

ኩል

ኩል ከዐረብኛው «ኩሕል» ጋር አንድ ቃል ነው። አውሮፓውያንም «አልኮል» የሚለውን ቃል የወሰዱት ከዚሁ ነው፤ መጀመሪያ የደቀቀ ዱቄት፣ ኋላም የተጣራ ነገር ይሉበት ነበር። እነሆ ኩል ለዓይን የወጣ ስም ሆኖ ሳለ በሌላ አገር የመጠጥ ስም ሆነ። ስም እንዲህ ይሄዳል!

በሐዲስ የተወደሰው ኩል «ኢስሚድ» የተባለው ነው። ኢማም አት-ቲርሚዚ ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልክና ጠባይ ባሰባሰቡት ኪታብ ውስጥ ስለ ኩል ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ። ኢስሚድ ዓይንን እንደሚያጠራና ሽፋሽፍት እንደሚያበቅል ተወስቷል። በዘመናችን ሊቃውንት ዘንድ ይህ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ የአንቲመኒ ማዕድን እንደሆነ ይነገራል፤ ጥቁርና አንጸባራቂ ነው።

ነገር ግን ጥቁርና አንጸባራቂ የሆነ ሌላም ድንጋይ አለ። ጋሌና ይባላል። ከእርሳስና ከድኝ የተሠራ ማዕድን ነው። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ማለታችን ሳይሆን ከባዱንና መርዛማውን ብረት ነው። የጥንት ግብፃውያን ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምረው ጋሌናን ፈጭተው ይኳሉ ነበር። ሁለቱ ድንጋዮች ከደቀቁ በኋላ በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ናቸው። በቅርብ አሥርት ዓመታት በግብፅ፣ በየመን፣ በዑማንና በሌሎችም የዐረብ አገሮች ገበያዎች የተገዙ ኩሎች በቤተ ሙከራ ሲታዩ ከፊሎቹ በአብዛኛው ጋሌና ሆነው ተገኝተዋል። ከፊሎቹ ደግሞ ጥላሸት ናቸው። ሁሉም ግን «ኩል» ተብለው ነው የተሸጡት።

ይህ ልዩነት ለምን ያሳስበናል? እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በአንድ የ6 ወር ሕፃን ደም ውስጥ ከሚገባው በላይ እርሳስ ተገኘ። ቤታቸው ሲጠየቅ ቤተሰቡ ከናይጄሪያ የመጣ «ቲሮ» የተባለ ኩል ሕፃኑን ይኩል እንደነበር ታወቀ። ዱቄቱ ሲመረመር ከ100 እጅ 82 እጅ በላይ እርሳስ ነበር። ወላጆቹ ልጃቸውን የሚጠሉ አልነበሩም፤ ዓይኑ እንዲያምርና እንዲያይ ብለው ነው ያደረጉት።

የእርሳስ ክፋቱ የሚያሳምም ምልክት ሳያሳይ መሥራቱ ነው። ሕፃን ዓይኑን ያሻል፤ ጣቱን ወደ አፉ ያስገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ከአዋቂ 4 እና 5 እጥፍ የሚበልጠውን ወደ ደማቸው ያስገባሉ። የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን አእምሮ ነው። ልጁ ትምህርት ሲከብደው «ሰነፍ ነው» እንለዋለን፤ ወደ መኳያው መለስ ብሎ የሚያይ ግን ማን አለ? ለሕፃን ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠንም እስካሁን አልታወቀም።

እንግዲህ አስቡት። ሱንናው የመጣው ለዓይን ጥቅም ነበር። በዚያው ስም በጨቅላ ዓይን ላይ እርሳስ ካደረግን፣ ቃሉን ይዘን ዓላማውን ጥለናል ማለት ነው።

ሂና

ሂና የዛፍ ቅጠል ነው። ደርቆ ሲፈጭ አረንጓዴ ወደ ቡናማ የሚያደላ ዱቄት ይሆናል፤ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ለመያዝ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ቀለሙም ከብርቱካን እስከ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። በአገራችን ደጋ ደግሞ እናቶች ጥፍርና እጅ እግራቸውን በእንሶስላ ሥር ያቀሉ ነበር። ሂና በተፈጥሮው ጥቁር አይሆንም።

ታዲያ ጥቁሩ ከየት መጣ? በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ከድንጋይ ከሰል ዝፍት ቀለም መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1863 ሆፍማን የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ፓራ-ፊኒሊን-ዳያሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ገለጸ። ይህ ነገር ፀጉርን በፍጥነት ያጠቁራልና ብዙም ሳይቆይ የፀጉር ቀለም ዋና ቅመም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ «ላሽ ሉር» የተባለ የሽፋሽፍት ማጥቆሪያ ይህንኑ ዓይነት ቀለም ይዞ ገበያ ወጣ። የተጠቀሙበት ሴቶች ዓይናቸው ቆሰለ፤ የታወሩ ነበሩ፤ አንዲት ሴትም ሞተች። መንግሥት ምርቱን ከገበያ ሊያወጣው ፈለገ፤ ነገር ግን በሥራ ላይ የነበረው የ1906ቱ ሕግ ስለ መዋቢያ ነገሮች አንድም ቃል አልነበረውም። ሕጉ የተለወጠው ከአምስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። አስተውሉ! ሕጉ የመጣው ዓይን ከጠፋ በኋላ ነው።

ወደ ጎረቤታችን ሱዳን እንምጣ። በዚያ አንዳንድ ሴቶች ሂናው ቶሎ እንዲይዝና እንዲጠቁር ይህንኑ የፀጉር ቀለም ይቀላቅሉበታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በሱዳን የታዩ መመረዞች በታወቀ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጡ። በ1995 ደግሞ የሱዳን ሐኪሞች በዚህ ቀለም የተመረዙትን ሲያክሙ በ10 ዓመት ያዩትን ጻፉ። ቀለሙ ወደ ሆድ ሲገባ ፊትና አንገት ያብጣል፤ የአየር መተላለፊያ ይዘጋል፤ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል። ለእጅ አበባ ተብሎ ቤት የገባ ዱቄት ይህን ያህል አቅም አለው።

በቆዳ ላይ ሲሆን ደግሞ የእህቴን ልጅ ያገኛትን ዓይነት ቁስል ያመጣል። ቁስሉ ቢድንም ነገሩ አያበቃም። ሰውነት አንድ ጊዜ ይህን ቀለም እንደ ጠላት ከመዘገበው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ልጅቱ አድጋ ፀጉሯን ቀለም ልትቀባ ብትሞክር ራሷና ፊቷ ሊያብጥ ይችላል። ለዚህ ነው የአውሮፓ ኅብረት ቀለሙን ለፀጉር ብቻ፣ ያውም እስከ 2 ከመቶ ድረስ ብቻ የሚፈቅደው፤ በቆዳ ላይ መሣያነት ግን በዚያም በአሜሪካም አይፈቀድም።

ሳሙና

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ወደ ተፈጥሮው እንመለስ» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን እርሱም ቢሆን ስም ነው። ጋሌናም እኮ ከመሬት የተቆፈረ ተፈጥሮ ነው። የአገራችንን እንዶድ ተመልከቱ። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት ሳሙናችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ በወንዝ ዳር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚህ ተነስተው እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ሸማ የሚያነጣው ያው እንዶድ ነፍስ ያጠፋል። እናቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ልብስ ያጥቡበታል እንጂ እንደ ምግብ አይቀርቡትም ነበር። ዋናው ነገር ምን እንደያዝን፣ ለምን እንደያዝነውና በምን ያህል መጠን እንደሆነ ማወቅ ነው።

አሁን «ፊት ያጠራል» ተብሎ ወደሚሸጠው ሳሙናና ቅባት እንለፍ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ፣ ማለትም አባቶች ባዜቃ የሚሉትን ነገር ይዘው ይገኛሉ። ሜርኩሪ ቆዳ ቀለሙን እንዳይሠራ ይከለክላል፤ በዚያው ግን በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1972 በናይሮቢ የታተመ ጥናት በኩላሊት ሕመም ሰውነታቸው ካበጠ 60 አዋቂ ሕሙማን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማቅያ ይጠቀሙ እንደነበር ገልጿል። የምትጎዳውም ተጠቃሚዋ ብቻ አይደለችም። ከቆዳዋ፣ ከፎጣዋና ከትራሷ ወደ ሕፃኗም ይተላለፋል። በሚናማታ ስምምነት (እ.ኤ.አ. 2013) ከሚሊዮን እጅ አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ተወስኗል። በ2023 ደግሞ አባል አገሮቹ ይህን ጣሪያ አንስተው፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ከ2025 በኋላ ጨርሶ እንዳይኖር ተስማምተዋል።

የውሉ መኖር ግን ሳሙናው ከመደርደሪያ ጠፋ ማለት አይደለም። እናም ሴት ልጆቻችንን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ የመጀመሪያው የእስልምና ሙአዚን ቢላል (ረ.ዐ.) ሐበሻ አልነበሩምን? የእርሳቸው አገር ልጅ በቆዳዋ አፍራ ኩላሊቷን የምትከፍለው ለምንድን ነው?

ከአዋጁ እስከ ደጃችን

በአገራችንም ሕግ አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከምግብና ከመድኃኒት ጋር የውበት መጠበቂያዎችንም በቁጥጥር ሥር አድርጓል። ሥራው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በድሮው አጠራር የዘመኑ ሙሕተሲብ ልንለው እንችላለን። ነገር ግን ሙሕተሲብ በየኪዮስኩ ደጅ ሊቆም አይችልም። የሳንሱሲው ፓኬት በየት መንገድ እንደመጣ እኔ አላውቅም። ከሱቁ እስከ ልጅቷ እጅ ድረስ ግን በአራት ሴቶች እጅ አልፏል፤ አሮጊቷ እናት ብቻ አሸተቱት። የእርሳቸውን ጥርጣሬ ብንሰማ ኖሮ ልጅቱ በዳነች ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የራሱን እጅ ወደ ክምሩ ያስገባ። ምን ምን እንደተጨመረበት፣ ማን እንደሠራውና መቼ እንደሚያበቃ ያልተጻፈበትን ነገር አንግዛ። በግማሽ ሰዓት የሚጠቁር ሂና ሂና ብቻ አይደለምና እንተወው። ጨቅላ ሕፃንን ኩል አንኳል። ለሕፃን ንጹሑ ሂና እንኳ ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግ፤ በደማቸው ውስጥ ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት አሉና የሂና ቀለም ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ሊያፈርስ ይችላል። ፊት ያጠራል በተባለ ቅባት ላይ «ካሎሜል» ወይም የሜርኩሪ ስም ካየን፣ ወይም ወርቅና ብር እንዳይነካው የሚል ማሳሰቢያ ካነበብን፣ ያ የባዜቃ ምልክት ነው። ጉዳት ከደረሰም ፓኬቱን አንጣል፤ ለሐኪሙ እንውሰድለት።

ሱቅ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፦ የማታውቁትን ነገር «አላውቀውም» ብሎ መናገር ትርፍ አያሳጣም። ያ እህል ሻጭ የተወቀሰው ዝናቡን ስላዘነበ አይደለም፤ እርጥቡን ስለሸፈነ ነው።

አካላችን ከአላህ (ሱ.ወ.) የተሰጠን አማና ነው። የልጆቻችን አካል ደግሞ ሁለት ጊዜ አማና ነው፤ እነርሱ መጠየቅ አይችሉምና። መዋብ የተፈቀደ ነገር ነው፤ ሠርግም ያለ ሂና አይደምቅም። የእህቴ ልጅ ቁስሏ ድኗል፤ አልሐምዱሊላህ። በእጇ ጀርባ ላይ ግን የአበባው ጥላ ለብዙ ጊዜ ቆየ። በሚቀጥለው የሂና ምሽት ፓኬት ሲወጣ መጀመሪያ እጇን ዘርግታ የምትጠይቀው እርሷ ነበረች፦ «ውስጡ ምንድን ነው?» ሁላችንም ይህን ጥያቄ ብንለምደው፣ ያን ጊዜ ከሳንሱሲ ሠርግ እውነትም ያለ ሐሳብ እንመለሳለን፤ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።